ሪሞቱን አስቀምጡና ደብተር ያዙ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ቴሌቪዥኑ ከስፌት መኪናዬ በላይ መደርደሪያ ላይ ነው። ዓይኔ መርፌው ላይ ስለሚሆን የማላውቀውን አገር ዘፈን ቀድሞ የሚያገኘው ጆሮዬ ነው። ደስ ካለኝ ቀና እላለሁ። እንዲህ ሆኜ ሁለት ደብተር ሞልቻለሁ። ደንበኞቼ «እትዬ፣ ይሄን ደግሞ ከየት አገኘሽው?» ይሉኛል። የውጭ ዘፈንና ፊልም ከዲሽ እንዴት እንደማገኝ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዲሹን አስተካክሉ። በአንድ ሳህን ሁሉም አይገኝም። ኢትዮሳት ቻናሎቹን የሚልከው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለ ሳተላይት ነው። ከጎንደር ሲታይ ሳህኑ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ሽቅብ ቀና ይላል። ናይልሳት የሚባለው የግብፅ ሳተላይት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። የሱ ሳህን ፊቱን ወደ ፀሐይ መግቢያ ይሰጣል፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ያደላል፣ ከኢትዮሳቱም ዝቅ ይላል። የአገራችንን ቻናሎች ከኢትዮሳት፣ የውጭውን ፊልምና ክሊፕ ደግሞ በብዛት ከናይልሳት ነው የማገኘው። ስለዚህ ሁለት ሳህንና ሁለቱን ከአንድ ሪሲቨር ጋር የሚያገናኝ ስዊች ያስፈልጋችኋል። እኔ ዘንድ የመጣው ዲሽ ሠሪ «አንዱ ይበቃሻል» ብሎኝ የነበረውን ሳህን አዙሮብኝ ሄደ። ስድስት ወር ሙሉ አንድ የውጭ ክሊፕ ሳላይ ቀረሁ። በጣም ነው የተናደድኩት። እናንተ ሁለቱም ሲሠሩ በዓይናችሁ ሳታዩ ሂሳብ አትክፈሉ።

የናይልሳቱን ሳህን በስተምዕራብ ዛፍ ወይም የጎረቤት ፎቅ ከጋረደው ቦታው ይቀየር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ምስሉ ቢቆራረጥ ግን ሳህኑን አትነካኩት። ሲያባራ ራሱ ይመለሳል። ቻናል ስለሚወጣና ስለሚገባ በየሁለት ሦስት ወሩ ሪሲቨሩን እንደገና ሰርች አድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሪሞት ይዞ ቻናል መገለባበጥ ምንም አያስገኝም። ይህን በደንብ አምኜበት ነው የምለው። አንድ ቻናል ምረጡና ሳምንቱን ሙሉ እሱ ላይ ቆዩ። የክሊፕ ስም ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ግርጌ የሚወጣው ሲጀምር ለጥቂት ሰከንድ፣ ሲያልቅ ደግሞ አንዴ ነው። መሀል ላይ የደረሰ ሰው ስሙን የሚያገኘው እስከ መጨረሻው ከጠበቀ ብቻ ነው። ለመጻፍ ካልደረሳችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ጽሑፉ ዓረብኛ ቢሆን እንኳ ጎግል ትራንስሌት ከፎቶው ላይ ያነብላችኋል። ማታ ደብተር ላይ ገልብጡት። እኔ የምጽፈው አገሩን፣ ዘፋኙን፣ ሰዓቱንና የገረመኝን አንድ ነገር ነው።

አንድ ቀን የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ማሲንቆ ሰማሁ። አዝማሪ መስሎኝ ቀና አልኩ። ሰውየው የኛ አይደለም። ትንሽዬ መሣሪያ ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ አንዷን ጭራ በደጋን ይገዘግዛታል። መኪናውን አቆምኩ። ሲያልቅ ስሙ ወጣ፦ አሊ ፋርካ ቱሬ፣ ማሊ። በ2006 እ.ኤ.አ. ያረፈ ታላቅ ጊታር ተጫዋች ነው። ያቺ ባለ አንድ ጭራ መሣሪያ ንጃርካ ትባላለች። ከአዝማሪ ከተማ ሆኜ ያን ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ። ዩኒፎርሙ ለማግስቱ ተላለፈ።

ለጀማሪ ግን የምመክረው ከጎረቤት መነሳትን ነው። የሱዳን ዘፈን እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ስላለው ጆሮ አይጎረብጥም። ቫዮሊኖቹ ተደርድረው ሲገቡ ስሙት። መሐመድ ወርዲን ያላገኘ ሰው ከሱ ይጀምር። ከመተማ የሚመጡ ነጋዴዎችን ጠይቁ፣ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ቀጥሎ ሕንድ። የሕንድ ክሊፕ ላይ የተዋናይዋን ሳይሆን የዘፋኟን ስም ፈልጉ። ስክሪኑ ላይ የምትወዛወዘው ሌላ፣ ድምፁ የሌላ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ያረፈችው ላታ ማንጌሽካር ስንቱን ተዋናይት በድምፅዋ አዝፍናለች። እሷን ካወቃችሁ ብዙ የድሮ ፊልም በር ይከፈትላችኋል።

ፊልም ላይ ትልቁ ችግር ሰዓት ነው። የዓረብ ቻናሎች የሚያስተዋውቁት ብዙ ጊዜ በሳዑዲ ሰዓት ነው። እሱ ከኛ ጋር እኩል ነው፣ አቆጣጠሩ ብቻ ይለያያል። 22:00 ካለ 18 ቀንሱለት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። በግሪንዊች ከሆነ መጀመሪያ 3 ደምሩ። 19:00 ያለው ያው ማታ 4 ሰዓት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ፊልም ከመሀሉ ጀምሬያለሁ!

ሕንድ ላይ ዚ አፍላም፣ አፍሪካና ፈረንሳይ ላይ ቲቪ5 ሞንድ ጥሩ ናቸው። ማስታወቂያው ላይ በሁለት ቅጠል የታቀፈ ጽሑፍ ካያችሁ ፊልሙ የፌስቲቫል ነው ማለት ነው፣ አትለፉት። ካን፣ ቬኒስ፣ በርሊን የሚሉትን ሁሉም ያውቃል። እኔ የምፈልገው ፌስፓኮ የሚለውን ነው። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ የሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ትልቁን ሽልማት የወሰደው «ጤዛ» ነው፣ የኃይሌ ገሪማ። ኃይሌ ጎንደር ነው የተወለደው። እንግዲህ የዓለም ሲኒማ ሩቅ አገር ለሚመስለው ሰው ይህን ነው የምነግረው።

ቋንቋው ባይገባችሁም ሃያ ደቂቃ ታገሡ። ፊት ይነበባል። አንዳንዱ ቻናል ድምፁን በሁለት ቋንቋ ስለሚልክ ሪሞቱ ላይ ኦዲዮ የሚለውን ቁልፍ ሞክሩ። ከወሬ ይልቅ ምስል የሚበዛበት ለመጀመሪያ ይሻላል። የኢራን ፊልም፣ በተለይ ልጆች ያሉበት፣ ለዚህ ተስማሚ ነው። አብሯችሁ የሚያይ ሰው ካለ ደግሞ ተከራከሩበት፣ አብዛኛው ነገር የሚገባው ያኔ ነው።

ደብተሬ ላይ ስም የሌለው አንድ መስመር አለ። «ሴት ድምፅ፣ ከበሮ ብቻ፣ ባሕር ዳርቻ፣ ዓርብ 3 ሰዓት ተኩል» ይላል። ስሙ ሲወጣ ለደንበኛ ልኬት እየወሰድኩ ነበር፣ እርሳሱም ጠፋኝ። አሁን እርሳሱን በክር ከመኪናው ጋር አስሬዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ያን ቻናል አልቀይርም።