ከመስከረም እስከ ጥር፦ አማተር ብስክሌተኛ ለውድድር ወቅት የሚዘጋጅበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ ሙሉ ቀን እየሠራ በትርፍ ጊዜው የኮርስ ብስክሌት የሚጋልብ ሰው፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድሩ ጥር መግቢያ ላይ ነው ብለን እናስብ። ከዚያ ቀን ወደ ኋላ 16 ሳምንት ሲቆጠር የሚደረሰው መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው፤ ዝናቡ የሚያባራበትና አስፋልቱ መድረቅ የሚጀምርበት ጊዜ በመሆኑም ለጀማሪ የተመቸ ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ለመሠረት፣ ቀጣዮቹ 6 ለውድድር ፍጥነት፣ የመጨረሻዎቹ 2 ድካምን ለማራገፍ ይውላሉ። ውድድሩ በሌላ ወር ቢሆንም ስሌቱ አይለወጥም።

ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት አቅምዎን ይለኩ። የትራፊክ መብራትና መስቀለኛ መንገድ የማያስቆምዎት ጎዳና ይምረጡና ሰውነትዎን በሚገባ ካሟሟቁ በኋላ ለ30 ደቂቃ ብቻዎን፣ እስከ መጨረሻው ሊዘልቁበት በሚችሉት ከፍተኛ ጥረት ይጋልቡ። የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች አማካይ የልብ ምት ከዚህ በኋላ የሚለካበት ወሰን ይሆናል። ፔዳሉን የሚገፋበትን ጉልበት በዋት የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ደግሞ የ20 ደቂቃ ሙሉ ጥረቱን አማካይ ዋት በ0.95 ቢያባዛ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊቆይበት የሚችለውን ጉልበት በግምት ያገኛል። ይሁን እንጂ የተገኘውን ቁጥር በዝቅተኛ ቦታ ለሚኖሩ ብስክሌተኞች ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ጋር አያወዳድሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚያንስ ዋቱ ይቀንሳል። በሌላ በኩል የሳሳው አየር ብስክሌቱንም እምብዛም ስለማይቋቋመው፣ በሜዳ ላይ ያለው ፍጥነት ዋቱ የቀነሰውን ያህል አይቀንስም።

የመሠረቱ ወራት ዋና ሥራ ረጅምና ቀላል ግልቢያ ነው፤ አብዛኛው አማተር የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቀላል መሆን ያለበትን ቀን በመጠኑ ያከብደዋል፣ ከባድ መሆን ያለበት ቀን ሲመጣም ደክሞት ስለሚገኝ በመጠኑ ያቀለዋል፤ በዚህም ሁሉም ቀናቱ አንድ ዓይነት ሆነው ሳይሻሻል ወቅቱ ይደርሳል። ቀላል የሚባለው ከጎን ከሚጋልብ ጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር የሚቻልበት፣ የልብ ምትም ከላይ ከተለካው ወሰን ከ85 በመቶ በታች የሚሆንበት ጥረት ነው። ሌላ ብስክሌተኛ ሲያልፍዎት መከተል የለብዎትም፤ ይህ ለብዙዎች ከዳገቱ ይልቅ የሚከብድ ፈተና ነው።

ዳገት በበዛባት ከተማ ቀላል ቀን የሚገኘው በእግር ጉልበት ሳይሆን በማርሽ ነው። ፊት ለፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላ እስከ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ የገጠመ ሰው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ እንኳ ትንፋሹን ሊቆጣጠር ይችላል፤ ባለ 39 እና ባለ 25 ጥርስ የድሮ ብስክሌት የያዘ ሰው ግን ወደደም ጠላም እያንዳንዱን ዳገት ወደ ከባድ ልምምድ ይቀይረዋል። ለልምምድ የተመደበ ገንዘብ ካለ ከቀላል ጎማና ከውድ ልብስ በፊት ለዚህ ቢውል ይሻላል። ረጅሙን ግልቢያ እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢጀምሩት የከባድ መኪናው ጭስና ግፊያ ሳይበዛ መመለስ ይቻላል፤ ከሱሉልታ ባሻገር ያለው ሜዳማ መንገድም ለዚህ ይመቻል።

በሰዓት ሲታሰብ በሳምንት 6 ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 9 ወይም 10 ማድረስ ለሠራተኛ ሰው በቂ ነው፦ በሥራ ቀናት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እሁድ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ከዚያ በየሳምንቱ በዋናነት የእሁዱን ማርዘም። በየአራተኛው ሳምንት ጠቅላላ ሰዓቱን በአንድ ሦስተኛ ይቀንሱ፣ ሰውነት የሚጠነክረው ባረፈበት ጊዜ ነውና። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቁጭ ብድግና የወገብ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ መጨመርም ይጠቅማል።

ኅዳር ሲገባ ጥረቱ ይለወጣል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሁለት ቀን በላይ ግን ፈጽሞ ሳይሆን፣ ከባድ ልምምድ ይገባል። አንደኛው ቀን በተለካው ወሰን ላይ ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ በመካከሉ 5 ደቂቃ እረፍት ነው፤ ይህም በየሳምንቱ ወደ ሦስት ጊዜ 15 ደቂቃ ያድጋል፣ ረጅም ዳገትም ይስማማዋል። የእንጦጦ አናት 3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ወደ ላይ በወጡ መጠን ዋቱ ቢቀንስ አይደንግጡ፤ ጥረቱን በትንፋሽ ይመዝኑት። ሌላኛው ቀን አምስት ጊዜ 4 ደቂቃ እጅግ ከባድ፣ በመካከሉ 4 ደቂቃ ቀላል ግልቢያ ነው። በዚህ ምዕራፍ የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት ይህን በ30 ሴኮንድ ፈጣን ጥረቶች ይተኩት፤ በውድድር አማተሩን ከዋናው ቡድን የሚነጥለው በአብዛኛው ከኩርባ በኋላ ወይም በዳገት ጫፍ ላይ የሚመጣው ድንገተኛ ፍጥነት ነው።

ይህ ከባድ ምዕራፍ ኅዳር 15 ከሚገባው ጾመ ነቢያት ጋር ይገጣጠማል፤ ውጭ አገር የተዘጋጁ የልምምድ መርሐ ግብሮች ይህን አያውቁም። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ቀላል ግልቢያ ብቻ ቢያደርግና ከባዱን ከበላ ከአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ አመሻሹ ቢያዛውረው፣ የልምምዱንም ጥራት የጾሙንም ሥርዓት መጠበቅ ይችላል። እሁድ ለብርሃን ሲባል ጠዋት የሚደረገውን ረጅም ግልቢያ ግን ሳይበሉ መሄድ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጉልበት ያሳጣል፤ ስለሱ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ከእንጀራ ጋር በበቂ መጠን ከተበሉ ፕሮቲን አያጡም፤ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ የምግቡ መጠን ነው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በሚቆይ ማንኛውም ግልቢያ ላይ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት መውሰድ ያስፈልጋል። ሁለት መካከለኛ ሙዝና አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይህን ያሟላሉ፤ በሶ ከማርና ከጥቂት ጨው ጋር በውኃ በጥብጦ መያዝም ይቻላል፣ የጠርሙሱ አፍ እንዳይደፈን ቀጠን ብሎ እስከተበጠበጠ ድረስ። ሆድ እንደ እግር ሁሉ የሚለማመድ ነውና በውድድር ቀን አዲስ ነገር አይሞክሩ።

በቡድን መጋለብን ብቻዎን ሊማሩት አይችሉም። ከፊት ያለውን ሰው ተጠግቶ የሚሄድ ብስክሌተኛ የነፋሱን ጫና ስለማይሸከም ብዙ ጉልበት ይቆጥባል፤ መጠጋቱ ግን ልምድ ይጠይቃል። ከኅዳር ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሆናችሁ በየደቂቃው እየተፈራረቃችሁ መምራትን ተለማመዱ። ዓይን ከፊት ባለው ጎማ ላይ እንዳይተከል፤ ከጋላቢው ትከሻ በላይ ወደ ፊት ይመልከት። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይገባ ነው፤ ኩርባው ውስጥ የውጭው ፔዳል ወደ ታች፣ ክብደትም በእሱ ላይ ይሁን።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰዓቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱ፣ አጫጭር ፈጣን ጥረቶችን ግን አይተዉ። የገና ድግስ በመጨረሻው ሳምንት ይወድቃል፤ ዶሮ ወጡን መከልከል ጭካኔ ቢሆንም፣ ከውድድሩ በፊት ባለው ማታ ቅባት የበዛበት ምግብ አይመከርም። ካቴናውን አጽድተው ይቀቡ፣ ጎማው ላይ ቁርጥራጭ ጠርሙስ አለመቀርቀሩን ይመርምሩ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ያዘጋጁ።

በውድድሩ ቀን ቢያንስ 20 ደቂቃ ያሟሙቁና በቡድኑ የፊት ሲሶ ውስጥ ይነሡ፤ ከኋላ የሚነሣ ሰው ሌሎች የተዉትን ክፍተት ሲዘጋ ጉልበቱን ይጨርሳል። የመጀመሪያዎቹን 30 ደቂቃዎች በምንም ምክንያት ከፊት ሆነው አይምሩ። ከውድድሩ ማግስት ጀምሮ ሦስት ቀን ቀላል ግልቢያ ብቻ፣ ቀጣዩ ውድድር ሁለት ሳምንት ከቀረውም በመካከሉ ሁለት ከባድ ቀናት ብቻ ይያዙ፤ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ኅዳሩ ልምምድ ለአንድ ሳምንት ይመለሱ።