ፈረስ መድረክ ላይ ስታወጡ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ለወረደ ሰው ፈረስ ብርቅ አይደለም። ጋሪ የሚጎትት አለ፣ ለጥምቀት ጉግስ ተብሎ የሚቀለብም አለ። ስለዚህ እኛ የአካባቢው አማተር ተዋንያን በጦርነት ዘመን ስለነበሩ አንድ ልጅና አንድ ፈረስ ተውኔት እንሥራ ስንባባል፣ “ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው” ብለን ተነሣን። ሁለት ዓመት ፈጀብን። አብዛኛው ጊዜ ያለቀው ከዚህ በታች በምዘረዝራቸው ስህተቶች ነው።

ታሪኩ በ1928 ዓ.ም. ክረምት የሚሆን ነው። ማይጨው የዘመተው አባት አልተመለሰም፤ ፈረሱን ሌላ ሰው እየጎተተ አመጣው። ሐምሌ 21 ቀን አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲነሡ፣ ከሰሜን በኩል ከመጡት የራስ ካሣ ልጆች ጦር ጋር ልጁም ፈረሱን ይዞ ይወጣል። ዝናቡ አልተወም፣ ወንዞቹ ሞልተዋል፣ በየአቅጣጫው የተነሣው ጦርም ሊገናኝ አልቻለም። ልብ ወለዱ ልጁና ፈረሱ ናቸው፤ ቀሪው የሆነ ነው።

እውነተኛ ፈረስ ማምጣት

አንድ ባለ ጋሪ ለምነን ዳማ ፈረሱን አዋሰን። ሜዳ ላይ ስንለማመድ እንደ በግ ገር ነበር። በትርኢቱ ቀን ግን መድረኩ ጣውላ ሆነበትና የገዛ ኮቴው ድምፅ አስበረገገው። ከበሮው ሲመታ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጥፎ በቆመበት ተተከለ። ሚስት የባሏን መርዶ የምትሰማበት ትዕይንት ደረሰ፤ አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ተዋናይዋ ነጠላዋን አገልድማ ደረቷን ልትደቃ እጇን ስታነሣ ፈረሱም ጅራቱን አነሣና ፋንድያውን ጣለ። ሳቁ እስከ መንገድ ድረስ ተሰማ። ልጅቷ ራሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቅ ነበር፤ ከኋላ የተቀመጡት ግን ለቅሶ መስሏቸው አጨበጨቡላት።

ፋንድያው ባይኖርም ነገሩ አይሳካም ነበር። ሰው ያየው የ1928ን ፈረስ ሳይሆን ትናንት ጤፍ ጭኖ ያለፈውን የጎረቤቱን ፈረስ ነው። ደግሞም እንስሳው ተኩሱ የውሸት መሆኑን ማን ይነግረዋል?

አንቀሳቃሾቹን መደበቅ

ቀጥሎ ሁለት ልጆች ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብተን የካርቶን ራስ ገጠምንላቸው። ሕፃናቱ ወደዱት፤ ያ ራሱ ችግር ነበር። አሻንጉሊት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው “ፀሐይ መማር ትወዳለች”ን ነውና፣ ተመልካቹ ፊደል ልናስቆጥረው መሰለው።

መንገዱን ያሳየን “ዋር ሆርስ” ነው። ማይክል ሞርፑርጎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ያሳተመው ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረስ የሚተርክ መጽሐፍ ነው፤ በ2007 የለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ለመድረክ አበቃው። ፈረሶቹን የሠራው ሃንድስፕሪንግ የተባለ የደቡብ አፍሪካ የአሻንጉሊት ቡድን ነው። ጆይ የተባለውን ፈረስ ሦስት ሰዎች ያንቀሳቅሱታል፤ አንዱ ራሱን፣ አንዱ የፊት እግሮቹን፣ አንዱ የኋላውን። ሦስቱም ይታያሉ፣ ማንም አይደብቃቸውም። ተመልካች ሰዎቹን አንዴ አይቶ ይረሳቸዋል። ሊደብቁት የሞከሩትን ነገር ግን ዓይኑ ሲፈልግ ያመሻል።

እኛም ቀርከሃ ሰንጥቀን፣ ውኃ ውስጥ አሳድረን፣ በእሳት እያጎበጥን የጎድን አጥንቱን ሠራን። መገጣጠሚያውን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠፈርነው፤ ጋማውና ጭራው ቃጫ ነው። ከሁሉም በላይ የደከምነው በአተነፋፈሱ ነው። ፈረሱ ባይራመድም ይተነፍሳል፤ ከደረቱ ሥር ያለው ልጅ ጉልበቱን በዝግታ ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ ምንም አልተለማመድንም። በኋላ ልጁ ገብስ ሲያበላው መዳፉን መዘርጋት ትቶ በጣቶቹ ቆንጥሮ ሲያቀርብለት፣ ከፊት ወንበር አንዲት እናት “ኧረ ጣትህን!” ብለው ጮሁ። የቀርከሃ ፈረስ መሆኑን እኮ ሲገቡ አይተውታል።

ፈረሱን ማናገር

በመጽሐፉ ውስጥ ታሪኩን የሚተርከው ጆይ ራሱ ነው፤ መድረክ ላይ ግን አፉ አይፈታም። እኛ ይህን ሳናውቅ ለፈረሳችን ሁለት ገጽ ንግግር ጻፍንለት። በተረታችን አንበሳና ጦጣ ሲያወሩ ስላደግን ነውር አልመሰለንም። ውጤቱ ስለ ሀገር ፍቅር የሚሰብክ፣ ስብሰባ የሚመራ የሚመስል ፈረስ ነበር። አወጣነው። አሁን የሚናገረው በጆሮው ነው፤ ጆሮው ወደሚናገረው ሰው ሲዞር ይበቃል።

ፈረሱን “አባ” ብሎ መጥራት

ይህን ያረሙን በእርሻ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጁ ፈረሱን አንገቱ ላይ እየዳበሰ “አባ ነጎድጓድ፣ አይዞህ” ይለው ነበር። ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ እኔ መጥተው፣ “ልጄ፣ አባ ነጎድጓድማ ሰውየው ነው። ፈረሱ ነጎድጓድ ነው” አሉኝ። አፈርኩ። ዳኘው ፈረሱ ነው፤ አባ ዳኘው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ታጠቅ ፈረሱ ነው፤ አባ ታጠቅ ዐፄ ቴዎድሮስ። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ።

ሰውየው የፈረሱ አባት ተብሎ ሲጠራ፣ ሲፎክር በዚያ ስም ሲፎክር፣ ወዳጅነቱን ለማሳየት ሌላ ምን ንግግር ያስፈልጋል? ሽማግሌው የሰጡንን እርማት ይዘን አንድ ትዕይንት ጨመርን። በአባቱ ለቅሶ ላይ አንድ የጦር ጓደኛው “አባ ነጎድጓድ!” እያለ ሲያቅራራ፣ ደጅ የታሰረው ፈረስ የራሱን ስም ሰምቶ ራሱን ያነሣል። ሌላ ምንም አይሆንም። ከተውኔቱ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ፈረሱን ጀግና ማድረግ

“ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይባላል፤ እኛ ግን በመጀመሪያው ጽሑፍ የጣሊያን መኮንን በርግጫ አስገደልነው። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈረሱ ሲቆስል ማንም አልደነገጠም፣ ጀግና ይችለዋላ። “ዋር ሆርስ” ላይ ጆይ መጀመሪያ ለእንግሊዞች፣ ቀጥሎ ለጀርመኖች ያገለግላል። የእኛም ይማረክና የወራሪውን ጋሪ ይጎትታል። አንድ ተዋናይ “ፈረሳችን ባንዳ ሊሆን ነው?” ብሎ ተቆጣ። ፈረስ ባንዳ አይሆንም፤ ልጓሙን የያዘውን ይከተላል። ልጁ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ሲያየው፣ ሊጠራው ሲፈልግና ሳይጠራው ሲቀር ያለው ዝምታ ከርግጫው ይበልጣል።

ማይጨውንም በጥይት ጩኸት ብቻ አትሙሉት። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ የጣሊያን የመርዝ ጋዝ በሰውም በከብትም፣ በወንዙም በግጦሹም ላይ መዝነቡን ነው የገለጹት። ፈረስ ከሣር መሸሽ አያውቅም። አሁን አብሮ የዘመተው ሰው ለልጁ የሚነግረው ይህን ነው፤ ፈረሱ ሣር እንዳይነካ አፉን በነጠላው አስሮ ሦስት ቀን መጓዙን።

ከውጭ ፊልም ኮርቻ መዋስ

ባጭሩ፦ ቡትስ ጫማ የለም፣ ሰፊ እርካብም የለም። የድሮው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ በትንሿ የብረት ቀለበት ያስገባ ነበር። ፈረሳችንም እንደ አውሮፓው ግዙፍ አይደለምና አሻንጉሊቱን አታግዝፉት፤ በበር አይገባም።

መጋረጃ ሲዘጋ ፈረሱን መጣል

ልጆቹ ስለሚደክማቸው እጅ ነሥተው እንደጨረሱ ቀርከሃውን እዚያው ያጋድሙት ነበር። ተመልካቹ ገና አልወጣም፤ ያለቀሰለት ፈረስ ማገዶ ሆኖ ያየዋል። አሁን ሦስቱም እያስተነፈሱት ይወጣሉ፣ መጋዘን ውስጥም የእንጨት መቆሚያ ሠርተንለት ቆሞ ያድራል። ዘበኛው ግን “ሌሊት በባትሪ ሳየው ያስደነግጠኛል” ብለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረውታል።