ሁኔታዎች በማይረጉበት ጊዜ ዕቅድ ሲወጣ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በአገር በቀል የልማት ድርጅቶች ውስጥ በዕቅድና ክትትል ሥራ ላይ ከተሰማራሁ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በሚቀርቡልኝ ረቂቅ ዕቅዶች ውስጥ የማገኛቸው ስህተቶች ተመሳሳይ እየሆኑ ስለመጡ፣ ለአዳዲስ ባልደረቦቼ በቃል ከምደጋግመው ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ። ግብና ተግባር በምን እንደሚለያዩ እዚህ አላብራራም። የማነሳው፣ ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ ነገሩ ሁሉ ሲለዋወጥ ድርጅቱን መፈናፈኛ የሚያሳጡትን ስህተቶች ብቻ ነው።

ማንም የማያነበው የታሳቢዎች ዓምድ

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይህ ስለሆነ በእርሱ ልጀምር። በሎግፍሬም (የፕሮጀክቱን ግቦች፣ ተግባራትና መለኪያዎች ባንድ ላይ በሚያሳየው) ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ «ታሳቢዎች» የሚል ዓምድ አለ። ባየኋቸው አብዛኛዎቹ ዕቅዶች በዚያ ዓምድ ሥር የሚገኙት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ የአካባቢው ሰላም የተጠበቀ ይሆናል፣ የገበያ ዋጋ የተረጋጋ ይሆናል፣ የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ትብብር ይቀጥላል። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2013 ከተጀመረ በኋላ እንኳ፣ ለ2014 በቀረበ አንድ ረቂቅ ውስጥ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አንዲት ፊደል ሳይነካ ተገልብጦ አግኝቼዋለሁ። በዚያ ወቅት ድርጅቱ ከሚሠራባቸው ወረዳዎች ሁለቱ መኪና የማይገባባቸው ነበሩ። ረቂቁን ያዘጋጀውን ወጣት ባለሙያ ብጠይቀው «ለጋሹ ዓምዱ ባዶ እንዲሆን ስለማይፈልግ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ ያንን ሰነድ ከእርሱ በኋላ አራት ኃላፊዎች ፈርመውበታል፣ ከመካከላቸውም ዓምዱን ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም።

ታሳቢ ማለት፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ዕቅዱን ይዞት የሚወድቅ ግምት ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ታሳቢ የሚከታተለው ሰው፣ መፍረሱን የሚያሳይ ምልክትና በዚያን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ከጎኑ ሊጻፍለት ይገባል። «የገበያ ዋጋ የተረጋጋ ይሆናል» ከማለት ይልቅ፣ «የሲሚንቶ ዋጋ በበጀት ከተያዘው ከ15 በመቶ በላይ ከጨመረ የግዥ ኃላፊው በሳምንት ውስጥ ለሥራ አስኪያጁ ያሳውቃል፤ ከታቀዱት ስድስት የውኃ ነጥቦችም ሁለቱ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋሉ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። «ምቹ የአየር ጠባይ ይኖራል» የሚለውን ደግሞ፣ «የበልግ ዝናብ እስከ መጋቢት አጋማሽ ካልጣለ የዘር ግዥው ይቀራል፤ ገንዘቡም ለመኖ ይውላል» በሚለው እተካዋለሁ። እንዲህ የተጻፈ ታሳቢ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ፣ የአፈጻጸም ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት፣ በአምስት ደቂቃ ተነብቦ ያልቃል። ከሪፖርቱ በኋላ ይነበብ ከተባለ ግን ሰዓቱ አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ምሳ ስለሚሄድ አይነበብም።

ማራዘምን እንደ ማስተካከል መቁጠር

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ከተገለጸ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉና ስብሰባዎች እንዲቀሩ መንግሥት አስታወቀ። እኔ በነበርኩበት ድርጅት ከዓመቱ በጀት ግማሽ ያህሉ ለመምህራን ሥልጠና የተያዘ ነበር። «15 ቀናት» የምትለውን ቃል ይዤ ሥልጠናዎቹን 15 ቀን ወደፊት ገፋኋቸው፤ ያ ሲያልፍ ሌላ 15 ቀን፤ ከዚያም ሌላ። አንዲት አዲስ ተቀጣሪ ባልደረባችን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገንዘቡን የመማሪያ ጽሑፍ አሳትመን ለተማሪዎች በየቤታቸው ብናደርስበት እንደሚሻል ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ እኔ ግን «ትንሽ እንታገሥ» አልኳት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ መራዘም ለብቻው ሲታይ አነስተኛና ምክንያታዊ ስለነበር ሰኔ 30 ደርሶ በጀቱ እስኪዘጋ ድረስ አንዳች ውሳኔ እንዳልወሰንኩ አልታወቀኝም። ትምህርት ቤቶች ዳግም መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ነው። በሐምሌ ያንን ልጅ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ያልወጣው ገንዘብ ግን ወደ ለጋሹ ተመልሶ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ተግባር ሳራዝም የመጨረሻ የውሳኔ ቀን አብሬ እጽፋለሁ። እስከዚያ ቀን ሁኔታው ካልተስተካከለ ተግባሩ ይሰረዛል፤ ገንዘቡ የሚዞርበት ሥራም አስቀድሞ በስሙ ተጠርቶ ይቀመጣል። ተግባር መሰረዝ የሽንፈት ያህል የሚከብዳቸው ሥራ አስኪያጆች አሉ። ከእነርሱ ጋር የሚደረገው ክርክር ዕቅዱ ሳይጸድቅ ማለቅ አለበት፤ ችግሩ ከመጣ በኋላ ክርክሩ አያልቅም።

ለመጥፎ ዜና ብቻ መዘጋጀት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በብር በጀት ይዘው ከውጭ የሚገባ ፓምፕ ለመግዛት ያቀዱ ድርጅቶች ምን እንደገጠማቸው መዘርዘር አያስፈልግም። የነጋዴው ፕሮፎርማ የሚጸናው ለጥቂት ቀናት እንደሆነ እየታወቀ የግዥ ኮሚቴ ስብሰባን ለነሐሴ መቅጠር ምን ያህል እንደሚያስከፍል በዚያ ክረምት ተምረውታል።

ያልተጠበቀው ችግር የደረሰው በዶላር ድጋፍ በሚቀበሉት ላይ ነው። አንድ የማውቀው ድርጅት ከለጋሹ የሚላክለት ክፍያ በብር ሲመነዘር ከታቀደው በእጅጉ በልጦ ተገኘ። ደስ ሊያሰኝ የሚገባው ነገር ነበር፤ ነገር ግን ተጨማሪ ገንዘብ ቢገኝ ምን እንደሚሠራ በዕቅዱ ውስጥ አንድም መስመር ስላልነበረ፣ ለክለሳው የቦርድ ስብሰባ እስኪጠራ፣ ከክልሉ ቢሮ ጋር የተፈረመው የፕሮጀክት ስምምነት እስኪሻሻልና ለጋሹ እስኪስማማ ወራት አለፉ፤ በእነዚያ ወራት ውስጥም የዕቃው ዋጋ ሲንር ብልጫውን በላው። ዛሬ ዕቅድ ስመረምር «ገንዘቡ በሩብ ቢጨምር የትኛው ቀበሌ ይታከላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሰው ጥያቄውን እንደ ቀልድ ይቆጥረዋል።

መጠባበቂያው ያለ ደንብ ሲቀመጥ

በ1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲነደፍ 20 በመቶ መጠባበቂያ ተይዞለት ነበር። ይህም 5 በመቶው በወረዳ፣ 15 በመቶው በክልል ደረጃ እንዲያዝ ተደርጎ ነው። የአከፋፈሉ ጥበብ የሚታየው ትንሹ መጠን ለችግሩ በጣም ቅርብ በሆነው እጅ፣ ትልቁ ደግሞ ከፍ ብሎ ብዙ ወረዳዎችን በሚያይ እጅ መሆኑ ላይ ነው። በእኛ ድርጅቶች ግን መጠባበቂያ ማለት በበጀቱ ግርጌ የምትቀመጥ፣ ማን በምን ጊዜ እንደሚነካት ያልተወሰነላት መስመር ናት፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስም በነዳጅና በጎማ ታልቃለች። ድርቁ ወይም ጎርፉ ሲመጣ ሣጥኑ ባዶ ነው። የነዳጅ ዋጋ መጨመሩ ድንገተኛ አደጋ ስላልሆነ በነዳጅ በጀት ውስጥ ይታቀድ።

ሥልጣኑን ሁሉ ዋና መሥሪያ ቤት ማስቀረት

ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነበር። ያን ጊዜ አንድ የቅርንጫፍ አስተባባሪ፣ ከ5 ሺህ ብር በላይ የሆነ ወጪ ሁሉ በኢሜይል ካልጸደቀለት እንዳያወጣ የሚያዝ መመሪያ ነበረው። መጋዘኑ ውስጥ ለሕፃናት የሚታደል አልሚ ምግብ፣ በባንክ ሒሳቡም ገንዘብ ነበረው፤ የጭነት መኪና ለመከራየት ግን ፈቃድ አልነበረውም። ስለዚህ መጋዘኑን ቆልፎ ጠበቀ። በኋላ በተደረገው ግምገማ ላይ መመሪያውን በማክበሩ መመስገኑን ስሰማ የምለው ጠፋኝ። ግንኙነት ቢቋረጥ በአካባቢው ያለው ኃላፊ እስከ ስንት ብር፣ ለምን ለምን ሥራ፣ ማንን አማክሮ መወሰን እንደሚችል በአንድ ገጽ ጽፎ፣ አስፈርሞና በወረቀት አትሞ መላክ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። በወረቀት ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ሌሎቹ በአጭሩ ያልፋሉ። ገቢ ሲቀንስ ከሁሉም ሥራ እኩል 10 በመቶ መቁረጥ ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ ሁሉንም ሥራ ያሽመደምዳል፤ የትኛው ተግባር መጨረሻ ድረስ እንደማይነካ ገንዘቡ ሙሉ ሳለ ይወሰን። ለዘጠኝ ዓይነት ሁኔታ ዘጠኝ ዕቅድ የሚያዘጋጁ አሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ማንም አያስታውሰውም። ተለዋዋጭ ዕቅድ ነው ብሎ በየሳምንቱ ግብ መቀያየርም ሠራተኛውን ከማድከም በቀር ፋይዳ የለውም።

በአንድ ለጋሽ ላይ ስለመንጠልጠል የአሜሪካ መንግሥት ጥር 12 ቀን 2017 የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀናት ካገደ ወዲህ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ሥራውን ለማቆም ስንት ብር እንደሚያስፈልግ ያሰሉ ድርጅቶች በጣም ጥቂት ናቸው። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ የቀረው የቢሮ ኪራይ ተደምሮ በቁጥር ይታወቅ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ የተደነገገ በመሆኑ፣ ገቢ በዓመቱ አጋማሽ ሲቋረጥ ይህ ድርሻ በራሱ ጊዜ ከፍ እንደሚልም የፋይናንስ ኃላፊው አስቀድሞ ያስላው።

በመጨረሻ የማነሳው ተራ የሚመስል ነገር ነው፤ የተከለሰውን ዕቅድ አለማሠራጨት። አንድ ዓመት ዕቅዳችንን ሦስት ጊዜ አሻሽለን በጣም ኮርተንበት ነበር። የመጨረሻው ክለሳ የበቆሎ ዘሩን ትቶ ወደ ማሽላ የዞረ ቢሆንም፣ የመስክ ግዥ ሠራተኛችን እጅ ላይ የነበረው የመጀመሪያው ቅጂ ስለነበር በቆሎውን በሙሉ ገዝቶ፣ ጭኖና አራግፎ ደረሰኙን ላከልን። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። አሁን በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ክለሳው የጸደቀበትን ቀን እጽፋለሁ፤ አዲሱን ቅጂ የሚወስድ ሰውም አሮጌውን መልሶልኝ ነው የሚፈርመው።