ሁለቱን ዳይስ በቀለም ለዩአቸው

ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱን ሳይሆን ቆጠራውን ነው። ሁለት ዳይስ ሲወረወር ድምሩ ከ2 እስከ 12 ነው፣ ስለዚህ ሊመጡ የሚችሉት ውጤቶች 11 ናቸው፣ 7 የመምጣት ዕድሉም 1/11 ብሎ እርሳሱን የሚያስቀምጥ ሞልቷል። እኔም አንዱ ነበርኩ።

መላው ቀላል ነው። አንዱ ቀይ፣ ሌላው ነጭ ነው ብላችሁ አስቡ። በቃ! ያኔ ቀይ 3 ነጭ 4 እና ቀይ 4 ነጭ 3 ሁለት የተለያዩ ውጤቶች መሆናቸው ወዲያው ይታያችኋል። ለቀዩ 6፣ ለነጩ 6፣ በድምሩ 36 እኩል ዕድል ያላቸው ውጤቶች አሉ ማለት ነው። 7 በ6 መንገድ ስለሚመጣ ዕድሉ 6/36፣ ማለትም 1/6 ነው። 2 ግን ሁለቱም 1 ካልሆኑ አይመጣም፤ 1/36 ብቻ።

ጥንድ ላይ፣ ማለትም ሁለቱም ዳይስ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያሳዩ፣ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ እዚህ ጋ ጎበዝ ተማሪም ይወድቃል። ቀይ 3 ነጭ 3 ቢገላበጥም ያው ነው፣ አንዴ ብቻ ይቆጠራል። ስለዚህ ድምር 6 የሚመጣው በ5 መንገድ ነው፦ 1 እና 5፣ 2 እና 4፣ 3 እና 3፣ 4 እና 2፣ 5 እና 1።

ሳንቲምም ላይ ያው ነው። የ1 ብርና የ50 ሳንቲም አብራችሁ ወርውሩ፤ ዘውድና ጎፈር በሁለት መንገድ ስለሚመጣ ውጤቱ ሦስት ሳይሆን አራት ነው። ከተሳሳታችሁ አትፈሩ፣ ታዋቂው ፈረንሳዊ የሂሳብ ሊቅ ዳላምበር እንኳ በ1754 እ.ኤ.አ. በሁለት ውርወራ ቢያንስ አንዴ ዘውድ የማግኘት ዕድሉ 2/3 ነው ብሎ ጽፎ ነበር። መልሱ 3/4 ነው።