የድሮ የወርቅ ሰዓት ስትሰበስቡ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የድሮ የወርቅ ሰዓት ሱቅ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። ያለው ሰው ቤት ነው። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር ወይም መሐል ሜዳ አንድ ሳጥን ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ። ሰብሳቢው የሚገዛው ከቤተሰብ ስለሆነ ዋጋውን፣ ወሬውንና ስሜቱን አብሮ ይገዛል።

የማወራው እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1965 ገደማ ስለተሠሩት ነው። ስስ ናቸው፤ ስፋታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ33 እስከ 36 ሚሊሜትር ነው። ከሱፍ ልብስ ጋር የሚታሰሩ፣ በእጅ የሚሞሉ ወይም በእጅ እንቅስቃሴ ራሳቸው የሚሞሉ።

ቢጫውን ሁሉ ወርቅ ማለት

መልኩን አትመኑ። ባለሙያ ክዳኑን ይክፈትላችሁና ውስጡን አንብቡ። 750 ማለት 18 ካራት፣ 585 ማለት 14 ካራት፣ 375 ማለት 9 ካራት ነው። በዚያ ዘመን የስዊዘርላንድ 18 ካራት ላይ ትንሽ የሴት ራስ፣ 14 ካራቱ ላይ ደግሞ ሽኮኮ ትታተም ነበር። በፈረንሳይኛ «ፎን አሲዬ» (fond acier) የሚል ካያችሁ ጀርባው ብረት ነው። እንዲህ ከሆነ ፊት ለፊቱም አብዛኛውን ጊዜ ቅብ ነው።

በደርግ ጊዜ የመጡት የሩሲያ ሰዓቶች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ፖልዮትና ራኬታ ላይ «ኤዩ» (AU) ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጎን 10 ወይም 20 የሚል ቁጥር ይኖራል። ይህ ካራት አይደለም። የቅቡ ውፍረት በማይክሮን ነው፤ 20 ማለት የሚሊሜትር ሃምሳኛ። እውነተኛው የሩሲያ ወርቅ በዚያ ዘመን 583 ይላል። ቅብ ሰዓት መግዛት ነውር የለውም፣ የሚያምሩ አሉ። በወርቅ ዋጋ መግዛቱ ነው ችግሩ።

«ጃንሆይ የሰጡት ነው» ሲባል ዋጋ መጨመር

እዚህ አገር ይህን ያላለ ሻጭ ብርቅ ነው። ንጉሡ ሰዓት ይሸልሙ እንደነበር እውነት ነው፤ የሰዓቱ ፊት ላይ የንጉሡ አርማ ወይም ዘውድ ያለባቸውም አሉ። የራሳቸው የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ ወደ 3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በሚጠጋ ዋጋ በጨረታ ተሸጧል። ይህን የሰማ ሰው የአያቱን ሰዓት አንስቶ ቢያገላብጥ አይፈረድበትም።

ግን ወሬ ብቻውን ዋጋ የለውም። ለእማማ ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ፎቶ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ጋሼ በወጣትነታቸው ስቱዲዮ የተነሱት ፎቶ ላይ ያው ሰዓት እጃቸው ላይ ካለ ከአስር ምስክር ይበልጣል። የሹመት ደብዳቤ፣ የሽልማት ወረቀት፣ ጀርባው ላይ የተቀረጸ ስም ካለም ጥሩ። የተቀረጸ ስም ያስጠላል ብሎ የሚያስፍቅ ሰው አለ፤ ሰዓቱን ከሌላው የሚለየውን ብቸኛ ነገር አጠፋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ብቻ የሆነ ወጥመድ አለ፤ ዓመተ ምሕረት። ጀርባው ላይ «1948» ቢል በየትኛው አቆጣጠር ነው? በእኛ ከሆነ 1948 የንጉሡ ዘውድ 25ኛ ዓመት የተከበረበት ነው፤ በፈረንጅ ከ1955 እስከ 1956 ይሆናል። የሚፈርደው ማሽኑ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ነው። ኦሜጋ ከሆነ በ14 ሚሊዮን የሚጀምር ቁጥር እ.ኤ.አ. ወደ 1954 አካባቢ ይወስዳችኋል፤ ከእኛ 1948 ጋር ይስማማል። በ17 ሚሊዮን ከጀመረ ግን እ.ኤ.አ. ከ1959 አካባቢ ነው፤ ጽሑፉ ከማሽኑ ይቀድማል። ወይ ማሽኑ ተቀይሯል፣ ወይ ጽሑፉ ኋላ የተጨመረ ነው።

ወርቅ ሠሪ ጋ ወስዶ ማስወልወል

18 ካራት ለስላሳ ነው። በተወለወለ ቁጥር ይሳሳል። ማሰሪያው የሚገባባቸው ጆሮዎች ጠርዛቸው ስል መሆን ሲገባው ይድበለበላል። የካራት ማህተሙም ይጠፋል። እንደ አዲስ የሚያብለጨልጭ የ70 ዓመት ሰዓት ካያችሁ ተጠራጠሩ። ጭረቱ ይቆይ።

ፊቱን ማስቀባት

የሰዓቱ ፊት ትንሽ ቢጫ ቢሆን፣ ነጠብጣብ ቢኖረው ምንም አይደለም። የተቀባ ፊት ግን ዋጋውን ክፉኛ ይጥላል። ከ6 ቁጥር በታች ጠርዙ ላይ «ስዊስ» የሚለው ጽሑፍ ጠፍቶ ወይም ተጣሞ እንደሆነ በአጉሊ መነጽር እዩ። የደቂቃ መስመሮቹ ከቁጥሮቹ ጋር ይገጥማሉ? ቆጣሪዎቹ ላይ በጨለማ ያበራ የነበረ ቀለም ካለ አትፋቁት፤ በዚያ ዘመን ራዲየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ይጠቀሙ ነበር። ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አላለቀም።

በሚዛን መግዛትና መሸጥ

ማሽኑና መስታወቱ ወርቅ አይደሉም፤ አብረው ከተመዘኑ ገዢው ተበላ። 10 ግራም የሚመዝን የ18 ካራት ቀፎ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 7.5 ግራም ነው። ለማቅለጥ የሚሸጥ ደግሞ የባሰ ይከስራል። የኦሜጋ 30 ሚሊሜትር ማሽን ወይም የአይ ደብሊው ሲ (IWC) የተባለው የስዊስ ሰዓት ሠሪ «89» የሚባለው ማሽን ሰብሳቢ የሚፈልገው ነገር ነው። ቀፎው ሲቀልጥ እሱ ለመለዋወጫ ይቀራል። እኔ ይህን ሳይ ያናድደኛል።

«ይሄዳል» ሲሉ ማመን

ሲሠራ ማየት በቂ አይደለም። ሳጥን ውስጥ የከረመ ማሽን ዘይቱ ደርቋል፤ እየሠራ ራሱን ይበላል። ከማሰራችሁ በፊት ይታጠብ፣ ዘይት ይቀባ። «ሞልቶ አልፎ ነው የቆመው» የሚባለውንም አትስሙ። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ሲሞላ እምቢ ይላል፤ እዚያ ላይ ማቆም ነው። የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻና የደረቀ ዘይት ነው።

ጥምቀት ላይ ማሰር

እነዚህ ሰዓቶች ውሃ አይችሉም። ጥምቀት ላይ ጠበሉ ሲረጭ እጅ ላይ መሆን የለባቸውም። የደብረ ብርሃን ብርድም ቀላል አይደለም፤ ከውጭ ብርድ ሞቃት ቤት ስትገቡ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ካበጀ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ወርቁ አይዝግም፤ ውስጥ ያለው የብረት ሞላና ጥርስ ግን ይዝጋል። ምድጃ አጠገብ አታስጡት። መሙያውን አትነካኩ፤ በማግስቱ ባለሙያ ይክፈተው።