የባሕር ዳርቻን በቦታው ተገኝቶ መሣል

ባሕርን ዳርቻው ላይ ቆመው በዘይት ቀለም ለመሣል ካሰቡ፣ ብሩሽ ከማንሳትዎ በፊት ቢያንስ 20 ደቂቃ ተቀምጠው ውኃውን ይመልከቱ። ሞገድ የሚነሣበትንና የሚሰበርበትን ቦታ በአብዛኛው የሚወስነው ከሥሩ ያለው አለትና አሸዋ ስለሆነ፣ ቅርጹ ይደጋገማል፤ ይህን ያስተዋለ ዓይን አንዲቱን ሞገድ ማሳደዱን ትቶ የሁሉንም ጠባይ ይይዛል።

ብርሃን ግን አይጠብቅም። ሥራ ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጥላው ቦታውን ይለቃል፤ በብዙ ዳርቻዎችም ውኃው ከሞላበት እስኪጎድል 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ ሲጀምሩ ደረቅ የነበረው አለት ሳይጨርሱ ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ 20 በ25 ሴንቲሜትር የሆነ ትንሽ ሰሌዳ ይምረጡ፤ የጥላዎቹን ቅርጽ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች በስስ ቀለም ያስፍሩና ፀሐይ ብትዞርም አይነካኩት። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880ዎቹ በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ በኤትርታ ገደሎች አጠገብ ሲሠራ፣ ብዙ ሸራ ይዞ እየወጣ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራ ይቀይር ነበር።

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው በአረፋው ላይ ነው። አረፋ ነጭ እንደሆነ ስለምናውቅ ከቱቦው የወጣውን ነጭ እንለጥፍበታለን። ቁራጭ ነጭ ወረቀት ፀሐይ ላይ ይዘው ከጥላ ውስጥ ካለው አረፋ ጋር ያስተያዩት፤ አረፋው ወደ ግራጫና ሰማያዊ ያደላ፣ አንዳንዴም ሐምራዊ ሆኖ ያገኙታል። ፀሐይ ከጀርባው ሆና ሊሰበር የተቃረበ ሞገድ ደግሞ ስስ በሆነው አናቱ ላይ ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ከግርጌው ይልቅ እዚያ አረንጓዴው ይደምቃል። ይህን ቀለም እኔ በመጨረሻ፣ በንጹሕ ብሩሽ፣ በአንድ ጭረት ብቻ ማስቀመጥን እመርጣለሁ። እርጥብ አሸዋ ሰማዩን ቢያንጸባርቅም ከሰማዩ ጠቆር ይላል።

ነፋስ የሥዕል ማቆሚያውን እንዳይጥለው ድንጋይ የሞላ ከረጢት ከመሐሉ ያንጠልጥሉ። አሸዋ ቀለሙ ላይ ቢያርፍ እስኪደርቅ አይጥረጉት፤ ሞኔ በ1870 በሌላዋ የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ትሩቪል ላይ በሣለው አንድ ሸራ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

የወደድነውን ቦታ ማቁሰል አይገባንምና የብሩሽ ማጠቢያውን ፈሳሽ ክዳን ባለው ዕቃ ወደ ቤት ይመልሱ፤ ወፎች እንቁላል ከጣሉበት ገደልም ይራቁ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ በራሱ ሊነድ ስለሚችል፣ ቤት ሲደርሱ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።