አዳኝ ካትፊሽን ከሕያው ዓሣ አላቆ በተዘጋጀ መኖ እንዴት መመገብ ይቻላል

በቤት ውስጥ የመስታወት ገንዳ አዳኝ ካትፊሽ የሚያረቡ ሰዎች በአብዛኛው የሚገጥማቸው ችግር አንድ ዓይነት ነው፤ ዓሣው በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ሲጣልለት ወዲያው ይውጣል፣ የተቆረጠ ሥጋ ወይም እንክብል መኖ ሲቀርብለት ግን ዞር ብሎም አያይም። ከዚህ በመነሣት ዓሣው ሕያው ነገር ካላገኘ አይበላም ብሎ መደምደም የተለመደ ቢሆንም ድምዳሜው ትክክል አይደለም። በሐይቆቻችንና በወንዞቻችን ትናንሽ ዓሦችን እያደነ የሚኖረው፣ ራሱም የካትፊሽ ዓይነት የሆነው አምባዛ እንኳ በእርባታ ገንዳ ውስጥ በእንክብል መኖ አድጎ ለገበያ ይደርሳል። ካትፊሽ ምግቡን የሚፈልገው ከዓይኑ ይልቅ በጢሞቹና በማሽተት ነው፤ ጣዕም የሚለዩ ሕዋሳት ያሉት በአፉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በጢሞቹና በመላ ቆዳው ላይ ጭምር ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ዓሣው በሚያውቀው ሽታ እየመሩ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ወደ አዲሱ መኖ ማድረስ ነው። ማስራብ ብቻውን ዘዴ ሊሆን አይችልም።

ሕያው ዓሣ መመገብ ማቆም ያለብን በሁለት ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው በሽታ ነው፤ ለመኖ ተብለው በብዛት ታጉረው የሚሸጡ ትናንሽ ዓሦች የነጭ ነጠብጣብ በሽታን ጨምሮ ብዙ ጥገኛ ተሕዋስያንን ወደ ገንዳው ያስገባሉ። አብዛኛው ካትፊሽ ቅርፊት ስለሌለው ደግሞ ለበሽታው የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ በተለይም መዳብ ያለባቸው፣ እርሱንም ይጎዱታል። ሁለተኛው ምክንያት የምግብ ጉድለት ነው። ጎልድፊሽና ሌሎች በርካታ የካርፕ ወገን ዓሦች ታያሚኔዝ የተባለ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም በሰውነታቸው ውስጥ አላቸው፤ እነርሱን ብቻ ለረጅም ጊዜ የሚበላ ካትፊሽ ቀስ በቀስ የምግብ ፍላጎቱንና ሚዛኑን ያጣል። ኢንዛይሙ በማቀዝቀዝ እንደማይጠፋም ማወቅ ይገባል፤ ጎልድፊሽን አቀዝቅዞ መስጠት ጥገኛ ተሕዋስያንን ቢቀንስም ይህን ጉዳት አያስቀርም።

ሁሉም ዝርያ እኩል አያስቸግርም። ከአማዞን ተፋሰስ የሚመጣው ቀይ ጭራ ካትፊሽ ገና በልጅነቱ የቀረበለትን ሁሉ ስለሚበላ ማላቀቁ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ የእርሱ ችግር ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግና ለመኖሪያ ቤት ገንዳ ፈጽሞ የማይሆን መሆኑ ነው። እውነተኛ ትዕግሥት የሚጠይቀው እስከ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚያድገው፣ አፉ እንደ አካፋ የተዘረጋው ሶሩቢም ሊማ ነው። ይህ ዓሣ ቀን ቀን በእንጨትና በተክል መካከል ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ተደብቆ ይውላል፣ የሚያድነውም በጨለማ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በዋነኛነት እርሱን ታሳቢ ያደረገ ቢሆንም ለሌሎቹም ያገለግላል።

ከመጀመርዎ በፊት

አዲስ የመጣ ዓሣ ለቀናት ሳይበላ መቆየቱ የተለመደ ስለሆነ እምቢተኛነቱን በመኖው ላይ አያሳብቡ። በመጀመሪያ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የለመደውን እየበላ ይረጋጋ። የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ መኖ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ደግሞ 0 መሆናቸውን በመመርመሪያ ያረጋግጡ፤ በተበከለ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ምንም ዓይነት መኖ ቢቀርብለት አይበላም፣ ባለቤቱም በሽታውን እንደ ግትርነት ሊቆጥርበት ይችላል። መላ ሰውነቱን የሚያስገባበት መደበቂያ ያዘጋጁለት፤ መኖውን የሚሻሙትን ፈጣን ዓሦችም ለጊዜው ያርቁለት።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ሰዓቱንና ቦታውን ይወስኑ። የገንዳው መብራት ከጠፋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ የክፍሉ ብርሃን ደብዘዝ ባለበት፣ ሁልጊዜ በአንድ ጥግ ይመግቡት። መኖው ሲገባ የማጣሪያውን ፍሰት ለጥቂት ደቂቃ መቀነስ ሽታው ሳይበተን በዚያው ጥግ እንዲቆይ ይረዳል፤ ሲጨርሱ ግን መልሰው መክፈትዎን አይርሱ።

ቀጥሎ ከሕያው ዓሣ ወደ መሬት ትል ይሸጋገሩ። ትል በሕይወት ስላለ ይንቀሳቀሳል፣ ሽታውም ብርቱ ስለሆነ እምቢ የሚለው ካትፊሽ ጥቂት ነው። ፀረ ተባይ ወይም ማዳበሪያ ካልነካው አፈር የተለቀመ ይሁን፤ እርጥብ ወረቀት ውስጥ አሳድረው ሆዱ ውስጥ ያለውን አፈር ካስወጣ በኋላ አጥበው ይስጡት። ዓሣው ትሉን ያለ ማመንታት መብላት ሲጀምር የተቆራረጠና የማይንቀሳቀስ ትል ያቅርቡለት። ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው፤ የሞተ ነገር ከመሬት አንሥቶ የበላ ካትፊሽ ቀሪውን መንገድ መጓዙ አይቀርም።

ሦስተኛው የዓሣ ሥጋ ነው። የቆሮሶ ፊሌቶን አጥንቱን አጥርተው፣ ስፋቱ በካትፊሹ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት በማይበልጥ መጠን በቁመቱ ይሰንጥቁት። ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ በትንሽ የገንዳ ውሃ ውስጥ ያቅልጡት፤ ከዚያ በተፈጨ ትል ያሹት። ሥጋውን በረጅም የእንጨት መቆንጠጫ ይዘው ወደ ዓሣው አፍ አይግፉት፣ ይደነግጣልና። ከጢሞቹ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርገው በዝግታ ያሳልፉት። ሽታው ሲደርሰው ጢሞቹ ወደ ፊት ይዘረጋሉ፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ በዚያች ቅጽበት ሥጋውን ለቀው ወለሉ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። አንዳንዴ ጎርሶ መልሶ ይተፋዋል። ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ መስሎ ቢታይም መልካም ምልክት ነው፤ ሽታውን ተቀብሎታል፣ ያልተስማማው ልስላሴው ወይም መጠኑ ነውና በሚቀጥለው ቀን ቀጠን ያለ ቁራጭ ይስጡት። በየጊዜው የሚያሹበትን ትል እየቀነሱ በመጨረሻ ያስቀሩት።

አራተኛው እንክብል መኖ ነው። ወደ ወለሉ የሚሰምጠውን ዓይነት ይምረጡ። ሥጋው በቀለጠበት ውሃ ውስጥ እስኪለሰልስ ነክረው፣ ሥጋው ላይ በቢላዋ ትንሽ ኪስ ከፍተው አንድ ፍሬ ይደብቁበት። ዓሣው ይህን ከለመደ የፍሬውን ቁጥር እየጨመሩ፣ ሥጋውን እያሳነሱ ይሂዱ። ፍሬውን እየለየ ለሚተፋ ዓሣ የተሻለው መንገድ የተፈጨ እንክብልንና የተፈጨ ዓሣን በጀላቲን አርግቶ በቁራጭ መስጠት ነው፤ አንዱን ከሌላው መለየት ስለማይችል ድርሻቸውን እንደ ልብዎ መለወጥ ይችላሉ።

ረሃብን በልክ ስለ መጠቀም

ጥሩ ሥጋ ያለው ጤናማ ትልቅ ካትፊሽ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም፤ በየእርምጃው መካከል የሁለት ወይም የሦስት ቀን ጾም ማስገባትም ፍላጎቱን ያነቃቃል። ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ጫጩት ግን ሰውነቱ ስንቅ ስለማይዝ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ መራብ የለበትም። ሆዱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከጭንቅላቱ በስተኋላ ያለው ሥጋ ከቀነሰና ጭንቅላቱ ለሰውነቱ የበዛ መስሎ ከታየ፣ ወይም ሽታ ሲደርሰው ጢሞቹን ካላንቀሳቀሰ ሥራውን ወዲያው ያቁሙ። በዚህ ጊዜ የሚመለሱት መጨረሻ ወደ ተቀበለው መኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትል ነው እንጂ ወደ ሕያው ዓሣ አይደለም። ሰውነቱ ሲመለስ ካቆሙበት ይቀጥሉ። ዓሣን በግድ ማስራብ ውጤት ቢያመጣ እንኳ ለእንስሳው የማይገባ ጭካኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከተላቀቀ በኋላ

የተረፈውን መኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያውጡ፤ የዓሣ ሥጋ ቶሎ ስለሚበሰብስ አሞኒያ ያበዛል። ያደገ ዓሣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መመገብ ይበቃዋል፣ ሆዱ ጥቂት ከፍ ሲል ያቁሙ። የበሬና የዶሮ ሥጋ ስቡ ለዓሣ ጉበት የማይስማማ በመሆኑ የዘወትር መኖ አያድርጉት። አንድ ጊዜ የቀለጠ ሥጋ ተመልሶ አይቀዝቅዝ። እንክብሉ የዘወትር መኖ ሆኖ፣ ፊሌቶና ሽሪምፕ አልፎ አልፎ ይግቡበት፤ በሳምንት አንድ ቀን ትል መስጠትም ዓሣውን ወደ ቀድሞ ልማዱ አይመልሰውም።